ስድብን የሰማ ጆሮ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ አንባብያን፣ ስለ አንደበት ኃጢአት ብዙ ጊዜ ሰምተናል። መምህራን ስለ ሐሜት፣ ስለ ሐሰትና ስለ ስድብ ያስተምሩናል፤ እኛም በንስሐ ጊዜ የተናገርነውን እያስታወስን እንናዘዛለን። ሰምተን ስለ ሳቅንበትና ሰምተን ዝም ስላልንበት ነገር ግን ራሳችንን የምንጠይቀው ጥቂት ጊዜ ነው። ስድብ ከአንድ ሰው አፍ ይወጣል፤ የሚያርፈው ግን በብዙ ሰዎች ጆሮ ነው። እነዚያ የሰሙት ሰዎች የሚያደርጉት ነገር የተሰደበውን ሰው ቁስል ወይ ያሰፋዋል፣ ወይ እንዲሽር ይረዳዋል። ዛሬ ልጽፍላችሁ የወደድሁት ስለዚህ ነው።

ለነገሩ መነሻ የሚሆነን በሀገረ አሜሪካ፣ በሎስ አንጀለስ አካባቢ የተፈጸመና በዓለም ሁሉ የታየ አንድ ድርጊት ነው። ድርጊቱ ከተፈጸመ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ያን ጊዜ ከሕዝብ የተሰማው ምላሽ ግን ተመሳሳይ ነገር በተፈጠረ ቁጥር የሚደገም ስለሆነ፣ ራሳችንን የምናይበት መስተዋት ሊሆነን ይችላል።

በመድረኩ ላይ የሆነው

ማይክል ሪቻርድስ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1998 በታየው «ሳይንፌልድ» በተሰኘው አስቂኝ የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ «ክሬመር» የተባለውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተ ተዋናይ ነው። በዚህ ሥራው 3 ጊዜ የኤሚ ሽልማት ተቀብሏል፤ በር በርግዶ ሲገባ ገና ሳይናገር ሰው የሚስቅለት ሰው ነበር። ኅዳር 8 ቀን 1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 17 ቀን 2006) ዓርብ ምሽት «ላፍ ፋክተሪ» በተባለው የኮሜዲ ቤት መድረክ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ጥቁር አሜሪካውያን የሚገኙበት አንድ የተመልካቾች ቡድን ድምፅ ረበሸውና ተቆጣ። ቁጣው ግን በጫጫታው ላይ አልቆየም፤ ወዲያው ወደ ሰዎቹ የቆዳ ቀለም ዞረ። በባርነት ዘመን ጥቁሮች ይዋረዱበት የነበረውን የስድብ ቃል ደጋግሞ ጮኸ። ነገሩ ከ50 ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ተዘቅዝቀው ይሰቀሉ እንደነበርም ነገራቸው። ቃሉን በዚህ ጽሑፍ አልደግመውም፤ ለማስተማር የግድ አያስፈልገንምና።

ይህ የስቅላት ንግግር ባዶ ዛቻ አልነበረም። በአሜሪካ ጥቁሮችን ያለ ፍርድ በመንጋ ይዞ መስቀል የታወቀ ታሪክ ነው። የተስኪጊ ተቋም ባሰባሰበው መዝገብ መሠረት እ.ኤ.አ. ከ1882 እስከ 1968 ባለው ጊዜ ውስጥ በዚህ መንገድ የተገደሉ ጥቁሮች ቁጥር 3,446 ነው። እንግዲህ በዚያ ምሽት ለመሳቅ ገንዘብ ከፍለው የገቡ ሰዎች የአያቶቻቸው ሞት ተጠርቶ ተሰደቡ ማለት ነው።

የሳቁት

የተወደዳችሁ፣ በዚያ አዳራሽ የነበረ አንድ ሰው በእጅ ስልኩ የቀረጸው ምስል አለ። በምስሉ ላይ ከስድቡ እኩል የሚያሳዝነው የአዳራሹ ድምፅ ነው። መጀመሪያ ላይ ሳቅ ይሰማል። ጥቂቶች የቀልዱ ክፍል መስሏቸው ይሆናል፤ ሌሎችም ግራ ሲገባቸው ስቀው ይሆናል። ቀጥሎ ሳቁ ይቀንስና የድንጋጤ ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያም ሰዎች እየተነሡ መውጣት ይጀምራሉ። ከተሰደቡት መካከል አንዱ ይህ የማይገባ ነገር እንደሆነ ፊት ለፊት ይነግረዋል። በመጨረሻም ተዋናዩ መድረኩን ትቶ ይሄዳል።

በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የሰው ልጅ ለክፉ ቃል የሚሰጠው ምላሽ ሁሉ በአንድ አዳራሽ ታየ። የሳቀ ነበረ፤ የደነገጠ ነበረ፤ ዝም ያለ ነበረ፤ ተነሥቶ የወጣ ነበረ፤ የተናገረ ነበረ። እኛ በዚያ አዳራሽ ተቀምጠን ቢሆን ኖሮ ከየትኛው ወገን እንሆን ነበር? «እኔማ ተነሥቼ እወጣ ነበር» ለማለት አንቸኩል። ሳቅ ከአሳብ ይፈጥናል። ከብዙ ሰው ጋር ስንቀመጥ የምንስቀው ነገሩ ስላሳቀን ብቻ አይደለም፤ ሌላው ስለ ሳቀም እንስቃለን። ስለዚህ ጆሮን ማሠልጠን የሚያስፈልገው ስድቡ ከመምጣቱ በፊት ነው።

የሳቅን ክብደት ያስረዳኝ በሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማርሁት አንድ ወጣት ነው። እኔ ባልነበርሁበት አንድ መንፈሳዊ ጉዞ ላይ፣ በአውቶቡስ ውስጥ፣ ከጓደኞቹ አንዱ በመልኩ ጥቁረት ቀለደበት፤ ስምም አወጣለት። አውቶቡሱ በሳቅ ተሞላ። እርሱም ከኀፍረት የተነሣ አብሮ ሳቀ። ከወራት በኋላ ከመዝሙር ክፍል የራቀበትን ምክንያት ስጠይቀው እንዲህ አለኝ፦ «የቀለደብኝ ልጅ ይቅርታ ጠይቆኛል፤ ታርቀናል። የሳቁት ግን አንዳቸውም አልጠየቁኝም፤ እነማን እንደ ሆኑም አልቆጠርኋቸውም። አሁን ለመዘመር ስሰለፍ አጠገቤ የቆመው ሰው ስቆ እንደ ነበር ወይም እንዳልሳቀ አላውቅም።»

ይህን ቃል ደጋግማችሁ አስቡት። ተሳዳቢው አንድ ነው፤ ስም አለው፤ ሊታረቁት ይቻላል። የሳቁት ግን ብዙ ናቸው፤ ስምም የላቸውም። ስለዚህ የተሰደበው ሰው ሁሉንም ይጠራጠራል። አንድ ቀልድ አንድን ወጣት ከአንድ ጓደኛው ጋር ብቻ አላጣላውም፤ ከማኅበሩ ሁሉ ለየው እንጂ።

ይቅርታ ለማን?

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ድርጊቱ የተፈጸመው ዓርብ ነው፤ ሀገር ሁሉ የጮኸው ግን ምስሉ በይፋ በወጣበት በሰኞው ዕለት፣ ኅዳር 11 ቀን ነው። በዚያው ምሽት ጄሪ ሳይንፌልድ ዴቪድ ሌተርማን በሚያዘጋጀው የቴሌቪዥን መርሐ ግብር ላይ እንግዳ ነበርና፣ የቀድሞ የሥራ ባልደረባው በሳተላይት ቀርቦ ይቅርታ እንዲጠይቅ ዕድል ተሰጠው። ሪቻርድስ ደክሞና ተጨንቆ ይታያል። በተናገረው ነገር እንዳዘነ ገለጸ፤ ዘረኛ እንዳልሆነም ተናገረ። በስቱዲዮው የተቀመጡት ተመልካቾች ግን መሳቅ ጀመሩ። ፊቱን ሲያዩ የሚያውቁት አስቂኙ «ክሬመር» ታይቷቸው ይሆናል። ያን ጊዜ ሳይንፌልድ የሚያስቅ ነገር የለምና ሳቁን እንዲተዉ ነገራቸው።

ይህች ትንሽ ቃል ለእኔ ከዚያ ምሽት ረጅም ንግግር ሁሉ ትበልጥብኛለች። ባልንጀራው ነው፤ ሊያድነውም ወድዶ ነው ያቀረበው፤ ነገሩ በሳቅ ተሸፍኖ እንዲያልፍ ግን አልፈቀደም። ወዳጅነት የወዳጅን ጥፋት ማቅለል አይደለም። ወዳጅ ማለት ጥፋቱ በእውነተኛ ክብደቱ እንዲታይ አድርጎ፣ ከዚያም ከጥፋተኛው ጋር የሚቆም ሰው ነው።

ከቀናት በኋላ ሪቻርድስ በቄስ ጄሲ ጃክሰን የሬዲዮ መርሐ ግብር ላይ ቀርቦ ዳግመኛ ይቅርታ ጠየቀ። የተሰደቡት ሰዎች ደግሞ በጠበቃቸው አማካይነት ፊት ለፊት ይቅርታ እንዲጠየቁና ካሳ እንዲታሰብላቸው ጠየቁ። በዚህ ጊዜ ከሕዝቡ ብዙ ዓይነት አስተያየት ተሰማ። አንዳንዱ ይቅርታው የልብ ነው አለ፤ ሌላው ሥራውን ለማዳን ነው አለ፤ ሦስተኛው ደግሞ የተሰደቡትን ገንዘብ ፈላጊዎች ናቸው ብሎ ነቀፈ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ጌታችን መባን በመሠዊያ ፊት ከማቅረብ አስቀድሞ ከተቀየመ ወንድም ጋር መታረቅን አዝዟል። ትእዛዙ ሰውን ወደ አንድ የተለየ ወንድም ይልከዋል፤ ለሕዝብ በጅምላ ተናግሮ መመለስን አያስተምርም። በአደባባይ የተሠራ በደል በአደባባይ ይቅርታ ሊጠየቅበት ይገባል፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም ሚሊዮኖች የሚያዩት ይቅርታ ወደ ተበደለው ሰው ደጅ የሚወስደውን መንገድ አይተካም። በቴሌቪዥን ፊት ለፊታችን የሚታየን የበዳዩ እንባ ነው፤ የተበደለው ሰው ግን በቤቱ ተቀምጧል። ስለዚህ ሳናውቀው ርኅራኄያችን ሁሉ ወደ በዳዩ ያዘነብላል። «ምን ያህል ተጸጸተ? ሥራውስ ምን ይሆናል?» እያልን ስንከራከር፣ «የተሰደቡትስ እንዴት አደሩ?» የሚል ሰው ይጠፋል።

የማመካኛ ቃላት

ያን ጊዜ ከተሰሙት ምላሾች መካከል ሦስቱ በእኛም ዘንድ የተለመዱ ስለ ሆኑ ለየብቻ እንመልከታቸው።

የመጀመሪያው «አስቆጥተውት ነው» የሚል ነው። ቁጣ ብዙ ነገር ያናግራል፤ በልብ ያልነበረውን ቃል ግን ከየት ያመጣዋል? የፈሰሰው ነገር በማሰሮው ውስጥ የነበረው ነው። በጫጫታ የተቆጣ ሰው «ዝም በሉ» ሊል ይችላል፤ «ውጡልኝ» ሊልም ይችላል። ስለ ጫጫታ ተቆጥቶ ስለ ቆዳ ቀለም ከተናገረ ግን ቃሉ አስቀድሞ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው። ተሳዳቢው ራሱ እንኳ እንዳለ አላወቀው ይሆናል። በተረጋጋን ጊዜ ልባችንን መመርመር የሚያስፈልገን ለዚህ ነው።

ሁለተኛው «ቀልድ ነው፤ ቀልደኛ የፈለገውን ይናገራል» የሚል ነው። ቀልድ የተባረከ ነገር ሊሆን ይችላል። የባለጌን ትዕቢት ያስተነፍሳል፤ የተጨነቀን ያሳርፋል፤ አንዳንድ ጊዜም በሌላ መንገድ የማይነገር እውነት ይነገርበታል። በዚያ ምሽት የሆነው ግን በኃይለኛ ላይ የተሰነዘረ ቀልድ አልነበረም። ማይክሮፎኑን የያዘው አንዱ ነው፤ የተሰደቡት በጨለማ ተቀምጠዋል። የአባቶቻቸውን መገደያ መሣሪያ ለማስፈራሪያ የተጠቀመ ሰው ከቀልድ ወጥቷል።

ሦስተኛው «እነርሱ ራሳቸው በቃሉ ይጠራሩበት የለምን?» የሚል ነው። ለዚህ የተሻለውን መልስ የሰጡት ጥቁር አሜሪካውያን ቀልደኞች ራሳቸው ናቸው። ታላቁ ቀልደኛ ሪቻርድ ፕራየር ቃሉን ለብዙ ዘመን ሲጠቀምበት ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ወደ ኬንያ ሄዶ ከተመለሰ በኋላ ለመተው ወሰነ። በአፍሪካ ምድር ሰውን በሰውነቱ አይቶ፣ ያ ቃል የሚገባው ሰው አለመኖሩን ተረዳ። ለፕራየር ይጽፍለት የነበረው ፖል ሙኒ ደግሞ ቃሉን በመድረክ በብዛት ከሚናገሩት አንዱ ነበር፤ የሪቻርድስን ንግግር ካየ በኋላ ግን ከእንግዲህ እንደማይጠቀምበት በአደባባይ ተናገረ። ተመልከቱ! በዚህ ነገር በዳዩ ሌላ ሰው ሳለ፣ ፖል ሙኒ የራሱን አንደበት መረመረ። ከተሰሙት ምላሾች ሁሉ ይህን የሚያህል ብርቱ ምላሽ አላየሁም።

ቃልን መቅበር

ተቋማትም ምላሽ ሰጡ። የኮሜዲ ቤቱ ቃሉን በመድረኩ ላይ ከለከለ። በወሩ ዴመን ዌያንስ የተባለው ጥቁር ቀልደኛ ክልከላውን በተላለፈ ጊዜ 320 ዶላር ተቀጣ፤ ለ3 ወራትም ከመድረኩ ታገደ። በ2007 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክ ከተማ ምክር ቤት ሰዎች ቃሉን እንዲተዉ የሚጠይቅ፣ የሕግ ቅጣት የሌለው ውሳኔ አሳለፈ። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ታላቁ የጥቁር አሜሪካውያን መብት ማኅበር በዲትሮይት ከተማ ለቃሉ የቀብር ሥነ ሥርዓት አደረገ፤ የሬሳ ሣጥን በፈረሶች ተጎትቶ ሕዝብ ተከተለው።

በእነዚህ ነገሮች የሚስቁ ነበሩ፤ «ቃል ይቀበራልን?» እያሉ። እኔ ግን አልስቅባቸውም። ማኅበረሰብ ድንበር ሲያበጅ ልጆች የት ላይ እንደሚቆሙ ያውቃሉ። ሆኖም ድንበር ልብን አይለውጥም። ቃሉ ተቀብሮ ንቀቱ በሕይወት ከኖረ፣ ንቀት ሌላ ቃል ያበጃል። ጥቁር ያልሆነው ሰው የጀመረው ነገር መጨረሻ ላይ ጥቁሩን ቀልደኛ በገንዘብ ማስቀጣቱም ደንብ ብቻውን ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ ያሳያል።

«ይህ የእኛ ነገር አይደለም» ለሚሉ

አንዳንዶቻችሁ ይህ የአሜሪካውያን ጠብ ነው ትሉ ይሆናል። በመጀመሪያ፣ የቀለም ስድብ የሰውን የትውልድ ሀገር አይጠይቅም። ኅዳር 4 ቀን 1981 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 1988) በኦሪገን ግዛት፣ በፖርትላንድ ከተማ፣ ሙሉጌታ ሥራው የተባለ ኢትዮጵያዊ ወጣት ነጭ ዘረኞች በሆኑ ወጣቶች ተደብድቦ ተገድሏል። ገዳዮቹ ከየት እንደ መጣና ምን እንደሚያምን አልጠየቁትም፤ ቆዳውን ብቻ አዩ። እ.ኤ.አ. በ1990 በተሰጠው የፍትሐ ብሔር ፍርድ ደግሞ በግድያው ቦታ ያልነበረው ቶም ሜትዝገር የተባለ የነጭ ዘረኞች መሪ ተጠያቂ ሆኖ፣ በአጠቃላይ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ተወሰነ። ገዳዮቹን በጥላቻ ትምህርት አነሣሥቷል ተብሎ ነው። እንግዲህ ቃል ወዴት እንደሚያደርስ የእኛው ወንድም ደም ያስተምረናል። ዛሬም በባሕር ማዶ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ወገኖቻችን ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

ሁለተኛም፣ ወደ ራሳችን ቋንቋ እንመለስ። በአማርኛችን «ባርያ» የሚለው ቃል ሰው በገበያ የተሸጠበትን ዘመን ተሸክሞ፣ ዛሬም ጠቆር ያለ ወንድምን ለማዋረድ ሲወረወር ይሰማል። «ለፍቅር ነው» እየተባለ የሚወጣ ቅጽል ስም አለ፤ የአንድን ብሔረሰብ አነጋገር እያጣመሙ ማሳቅ አለ፤ የእጅ ባለሙያውን በሙያው መናቅ አለ። በሰርግ ይሰማል፤ በሻይ ቤት ይሰማል፤ ከላይ እንዳየነው ወደ ገዳም በሚጓዝ አውቶቡስ ውስጥም ይሰማል። በአሜሪካዊው ተዋናይ ላይ የፈረደ አንደበት በእነዚህ ላይ ዝም ካለ፣ ፍርዱ ስለ እውነት ሳይሆን ስለ ርቀት ነው።

ሁለቱ ሙሴዎች

የተወደዳችሁ፣ ቅዱሳት መጻሕፍትና የአባቶች ታሪክ ለዚህ ነገር ሁለት ብርቱ ምስክሮችን ያቀርቡልናል።

የመጀመሪያው በኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ 12 የተጻፈው ነው። ማርያምና አሮን ሙሴ ስላገባት ኢትዮጵያዊት ሴት በሙሴ ላይ ተናገሩ። እግዚአብሔር ሰማ። ማርያም በለምጽ ተመታች፤ ቆዳዋም ነጣ። ቀጥሎ የሆነውን በተራ እንየው። ጥፋቱ አልተሸፈነም፤ ነቢይት ናት፣ የመሪው እኅት ናት ተብሎ አልታለፈም። ስለ እርስዋ የጸለየው ግን የተነቀፈው ሙሴ ራሱ ነው። ከዚያም 7 ቀን ከሰፈር ውጭ ተቀመጠች፤ ሕዝቡም እስክትመለስ ድረስ አልተጓዘም። አስተውሉ! የተለየችበት ቀን ተቆጥሯል፤ መጨረሻም አለው። ሕዝቡ ጥሏት አልሄደም፤ ያልተቀጣች መስሎም አብሯት አልሄደም። ጠበቃት።

ዛሬ ያለነው እኛ ከሁለት አንዱን እናደርጋለን። በዳዩ የምንወደው ከሆነ ያለ 7 ቀን ወዲያው እናስገባዋለን፤ የማንወደው ከሆነ ያለ መጨረሻ እናባርረዋለን። ሪቻርድስ ከዚያ በኋላ የመድረክ ቀልድን ተወ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ከሳይንፌልድ ጋር ተቀምጦ ሲነጋገር ያ ምሽት እንደ ሰበረው ተናግሯል፤ በ2024ም የሕይወት ታሪኩን በመጽሐፍ አሳትሟል። ንስሐው ምን ያህል ጥልቅ እንደ ሆነ የሚያውቀው ልብን የሚመረምር አምላክ ነው። የእኛ ፈንታ ግን እርሱን ለዘላለም በአንድ ምሽት ቃሉ ብቻ መጥራት አይደለም፤ ያንን ምሽት እንዳልነበረ ማድረግም አይደለም።

ሁለተኛው ምስክር ሰኔ 24 ቀን የምናስበው ቅዱስ ሙሴ ጸሊም ነው። ይህ አባት አስቀድሞ ወንበዴ ነበር፤ በአስቄጥስ ገዳም መነኰሰ። አንድ ቀን በአባቶች ጉባኤ መካከል፣ ትዕግሥቱን ሊፈትኑ፣ ይህ ጥቁር ሰው በመካከላችን ለምን ይመጣል ብለው ተናገሩበት። ዝም አለ። በኋላ ልቡ ታውኮ እንደ ሆነ ሲጠየቅ፣ መታወኩን አልካደም፤ ታውኬ ነበር፣ ነገር ግን አልተናገርሁም ብሎ መለሰ። ስድቡ ዘልቆ ነበር፤ ቅዱስ ስለ ሆነ አልጎዳውም አንበል። በሌላ ጊዜም አባቶች በአንድ ባጠፋ ወንድም ላይ ሊፈርዱ ሲሰበሰቡ፣ አሸዋ የሞላበት የተቀደደ ከረጢት በጀርባው ተሸክሞ መጣ። ምን እንደ ሆነ ሲጠይቁት የራሱ ኃጢአት ከኋላው እየፈሰሰ ሳያየው በሌላው ሊፈርድ መምጣቱን ነገራቸው። እነርሱም ወንድማቸውን ይቅር አሉት።

ከዚህ አንድ ጥንቃቄ የሚፈልግ ትምህርት እናገኛለን። ዝምታ ለተሰደበው ሰው ትዕግሥት ሊሆን ይችላል፤ ለሰማው ሰው ግን ትዕግሥት አይደለም። የሙሴ ጸሊም ዝምታ የራሱ ነው፤ በጸጋ የመረጠው ነው። እኛ ተነሥተን የተሰደበውን ወንድማችንን «እንደ ሙሴ ጸሊም ዝም በል» ብንለው፣ የቅዱሱን ገድል የተሳዳቢ መሸሸጊያ እናደርገዋለን። ትዕግሥትን ለራስ ይመርጡታል፤ በሌላው ላይ አይጭኑትም። የከረጢቱም ምሳሌ «ማንም ንጹሕ ስላልሆነ ስድቡን እንተወው» አይልም። እያረምን ሳለን የራሳችንን ከረጢት እንድናስብ ነው የሚያስተምረን።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በፊታችን ሰው በመልኩ፣ በዘሩ ወይም በሙያው ሲዋረድ አለመሳቅ እንጀምር። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ሁሉ በሚስቅበት መካከል ፊትን ማጥቆር ግን ድፍረት ይጠይቃል። ቀጥሎ «ይህ አይገባም» እንበል፤ በአጭሩ፣ በትሕትና፣ ስድብ ሳንጨምር። ከዚያ ከተሳዳቢው ጋር ክርክር ከመጀመራችን በፊት ወደ ተሰደበው ዞር እንበል፤ አጠገቡ እንቀመጥ፤ አብሮን እንዲሄድ እንጥራው። ተሳዳቢውንም ወደ ተበደለው ሰው እንምራው፤ ለማኅበሩ በጅምላ «ያስቀየምኋችሁ ካላችሁ» ብሎ እንዲያልፍ አንርዳው። የይቅርታው ጊዜ በተበደለው እጅ ይሁን፤ ቶሎ ይቅር ካላልህ ብለን ሁለተኛ ሸክም አንጫንበት።

ያ ወጣት ዛሬም ወደ መዝሙር ክፍሉ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። አንዳንድ እሑድ ይመጣና ከኋላ ይቆማል። በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ነበርን የምትሉ ብትኖሩ፣ ይህን ጽሑፍ ያነበባችሁ ዕለት ሄዳችሁ «እኔም ስቄ ነበር፤ ይቅር በለኝ» በሉት። ማን እንደ ሳቀ ስለማያውቅ ሁላችሁን እየጠበቀ ነው። ሌሎቻችሁም በየነበራችሁበት አውቶቡስ፣ በየቢሮውና በየሰርጉ ቤት እንደ እርሱ ከኋላ የቆመ ሰው አለና፣ ፈልጉት።

የአንደበታችንን በር የሚጠብቅ አምላክ ጆሮአችንንም ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።